ክሩስኮቱን ከማስፈታታችሁ በፊት

«የነዳጅ ጌጁ ሞቷል፣ ክሩስኮት ይቀየርልኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም፤ ክሩስኮት የምንለው ከመሪው ፊት ጌጆቹና የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ያሉበትን ሰሌዳ ነው። አንዳንዱማ ቀድሞ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ዞሮ ዋጋ አጣርቶ ነው የሚመጣው። እኔ የመኪና ኤሌትሪክ ነው የምሠራው፤ ፈትቶ መግጠም እንጀራዬ ነው። ቢሆንም ክሩስኮት መፍታት ለእኔ የመጨረሻው ሥራ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይገኝም። ፊውዝ ላይ ነው፣ ማሳ (ኤሌትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበት ብረት) ላይ ነው፣ የነዳጅ ጋኑ ላይ ነው፣ ወይም ቴፕ የገጠመው ልጅ ቀጥሎ በናስትሮ (በኤሌትሪክ ማጣበቂያ) ጠቅልሎት የሄደው ገመድ ላይ ነው።

መፍታት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የቆየ መኪና ፕላስቲክ በፀሐይ ደርቋል። አንዲት መያዣ ጥርስ ከተሰበረች፣ ኮብልስቶን ላይ በወጣችሁ ቁጥር የሚንቋቋ ክሩስኮት ይተርፋችኋል። ያንን ድምፅ ማጥፋት ጌጁን ከመሥራት ይብሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ እዩ።

ምን ከምን ጋር ሞተ?

ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። በዚህ ሰዓት የዘይት፣ የቻርጅ፣ የቼክ ኢንጂንና የኤርባግ መብራቶች መብራት አለባቸው። እጅ ፍሬኑ ከተሳበ እሱም ይበራል። ያልበራ ካለ ጻፉት። ሰው የሚደነግጠው መብራት ሲበራበት ነው፤ እኔን የሚያስደነግጠኝ መብራት ሲገባው ያልበራው ነው። ቁልፍ ሲዞር የዘይት መብራቱ የማይበራ መኪና፣ ነገ ዘይት ቢጨርስም ዝም ይላችኋል። የቼክ ኢንጂኑ አምፖል ሆን ተብሎ ተነቅሎ ለገበያ የቀረበ መኪናም አይቻለሁ። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ይህችን ነገር ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

ቀጥላችሁ ትንሹን መብራት አብሩ። የክሩስኮቱ ጀርባ ብርሃን መጣ? የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ነጩ መብራት በራ? ፍሬን ርገጡ፣ ፍሬቻ አብሩ፣ በር ክፈቱ። ሁሉንም በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት። ጋራዥ ብትሄዱም ለባለሙያው ይህ ቪዲዮ ወርቅ ነው። ጥፋት እኛ ጋ ሲደርስ መደበቅ ይወዳል።

አሁን ያያችሁትን አንብቡት። አንድ ጌጅ ብቻውን ከሞተ ችግሩ የራሱ መስመር ላይ ነው፦ ሴንሰሩ፣ ገመዱ ወይም ሶኬቱ። ሁለትና ከዚያ በላይ አብረው ከሞቱ የጋራ የሆነ ነገር ፈልጉ፦ ፊውዝ፣ ማሳ፣ ወይም የሚመግባቸው አንድ ገመድ። ጠቋሚዎቹ ይሠራሉ፣ ማታ ግን ክሩስኮቱ ጨለማ ነው? እሱ ጭራሽ ሌላ መስመር ነው፤ ጌጁን አትንኩት። የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ ሁለቱም አንድ ላይ ከሚገባው በላይ የሚያሳዩ ከሆነ ደግሞ፣ በቆዩ መኪኖች ክሩስኮቱ ውስጥ ለሁለቱም የሚያገለግል የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ አለ። ክሩስኮት የሚያስፈታ በቂ ምክንያት ካለ አንዱ ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ ቁልፍ ስታጠፉ የነዳጁ ጠቋሚ ባለበት ቢቀር አትደንግጡ። ብዙ ቶዮታዎች ሲፈጠሩም እንዲሁ ናቸው።

ባትሪና ፊውዝ

ሁሉም ነገር ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ከባትሪው ጀምሩ። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካላችሁ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማግኘት አለባችሁ። ተርሚናሉን በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዝገት ከለበሰ፣ ፈትታችሁ በሙቅ ውኃ እጠቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። ይቺው ሥራ ብቻዋን ስንት ክሩስኮት አድናለች!

ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም ይህ ይመለከታችኋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ በየቀኑ የማያቸው ሆነዋል። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ክሩስኮቱ የሚያብድበት ጊዜ አለ። እነሱም ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ስክሪኑንና መብራቱን የሚያሠራው እሱ ነው። መጀመሪያ እሱን አስለኩ። ብርቱካናማ ገመድ ግን በምንም ምክንያት አትንኩ። እሱ የሚገድል ቮልቴጅ የሚሄድበት ነው።

ወደ ፊውዝ እንምጣ። አንዱ ሳጥን ከመሪው በታች በጉልበታችሁ በኩል ነው፣ ሌላው ኮፈን ውስጥ። ክዳኑ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ስም ተጽፏል። ቶዮታ ከሆነ ሦስት ቃላት ፈልጉ፦ ጌጅ፣ ቴይል፣ ዶም። የመጀመሪያው ጌጆቹንና የማስጠንቀቂያ መብራቶቹን፣ ሁለተኛው የኋላ መብራትንና የክሩስኮቱን የማታ ብርሃን፣ ሦስተኛው የጣሪያ መብራትን ይመግባል። በአንዳንድ አዳዲሶቹ ጌጅ የሚለው ሜትር ተብሎ ይጻፋል።

ፊውዝ በዓይን ብቻ አይታመንም። ውስጡ እንደ ፀጉር የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አሉ። ቁልፍ አዙራችሁ፣ ሳትነቅሉት፣ በመሞከሪያ አምፖል ሁለቱንም ንኩ። በሁለቱም በኩል ከበራ ደህና ነው። በአንዱ ብቻ ከበራ ተቃጥሏል።

ከቀየራችሁ በዚያው ቁጥር ቀይሩ። ቡናማ 7.5 አምፔር፣ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 ነው። የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ወይም የመዳብ ክር አስሮ የሚሄድ ሰው ዛሬም አለ። ፊውዙ የተሠራው ገመዱ ከመቃጠሉ በፊት እሱ እንዲቃጠል ነው። በቦታው ክር ካሰራችሁበት የሚቃጠለው ክሩስኮት ስር ያለው የገመድ እሽግ ነው፤ ያ ደግሞ ምንጣፉንም ወንበሩንም ይዞ ይሄዳል።

አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ አንድ ገመድ ብረት ነክቷል ማለት ነው። መቼ እንደሚቃጠል አስተውሉ። በብዙ ኮሮላዎች የኋላ ማርሽ መብራት ከጌጁ ጋር በአንድ ፊውዝ ነው የሚሠራው። ባለፈው የመጣ የራይድ ሹፌር «ማታ ማታ ፊውዝ እቀይራለሁ፤ ጌጁ ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ይሞታል» ሲል ነበር። ሰዓቱ ምንም አልነበረበትም። ጠዋት ከግቢው የሚወጣው ወደ ፊት ነው፣ ከሰዓት መኪና ማቆሚያ ሲገባ ወደ ኋላ ይሄዳል። ማርሽ ሳጥኑ ላይ ወዳለው ስዊች የሚሄደው ገመድ በብረት ተፍቆ ተገልጧል። የኋላ ማርሽ ሲገባ ፊውዙ ቷ! ከዚያ ጌጁ፣ ቻርጁ፣ ሁሉም ዝም። ገመዱን ጠግኜ፣ ከብረቱ አርቄ አሰርኩት፤ ክሩስኮቱን እጄ አልነካውም።

ማሳ

ማሳ ማለት ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መንገድ ነው፤ የመኪናው ብረት ራሱ። ማሳ ሲደክም የሚመጡ ምልክቶች ግራ ያጋባሉ። ፍሬቻ ስታበሩ የነዳጁ ጠቋሚ አብሮ ይዘላል። የፊት መብራት ሲበራ ሙቀቱ ከፍ ይላል። የማይገናኙ ነገሮች አብረው መደነስ ከጀመሩ ሌላ ቦታ አትሂዱ።

በብዙ ቶዮታዎች የክሩስኮቱ ማሳ ከመሪው በታች፣ በግራ እግራችሁ በኩል ካለው ብረት ላይ በብሎን ታስሯል። ፕላስቲኩን አንሱት፣ ብሎኑን ፍቱ፣ ከስሩ ያለውን ቀለምና ዝገት ፍቃችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። በቁጥር ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ መብራቶቹን ሁሉ አብርታችሁ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ማሳው ብሎን ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መንገዱ ላይ እንቅፋት አለ።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየሩ መኪኖች ደግሞ የራሳቸው ዓለም ናቸው። ክሩስኮቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲዛወር ገመዱ አይደርስም፤ ስለዚህ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። ቀጣዩ ጎበዝ ከሆነ እያንዳንዱን በይዶ ይሸፍነዋል። ችኩል ከሆነ ጠምዝዞ ናስትሮ ያለብሰዋል። ናስትሮው በሙቀት ይቀልጥና ይላቀቃል። የጥገና መጽሐፉ የሚለው የገመድ ቀለም እዚያ ቦታ አይሠራም፣ የማሳው ቦታም ተለውጧል። እንዲህ ያለ መኪና ከያዛችሁ ስህተቱን ቅጥያዎቹ ላይ ፈልጉ፣ በአብዛኛው ታገኙታላችሁ።

ፍሬን ስረግጥ ክሩስኮቱ ይበራል

አንዲት ደንበኛዬ ይህን ስትል አብሯት የመጣው ወንድሟ ሳቀ። እውነቷን ነበር። ቀን ነው፣ ትንሹ መብራት ጠፍቷል፤ ፍሬን ስትረግጥ የክሩስኮቱ ጀርባ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ስትለቅ ይጠፋል። ሌላ ቦታ ክሩስኮቱ ሾርት ስለሆነ ይቀየር ብለዋት ነው የመጣችው።

ወደ ኋላ ሄድኩና የግራውን የኋላ መብራት ከፈትኩ። እዚያ የሚገባው አምፖል ሁለት ክር አለው፦ 21 ዋቱ ለፍሬን፣ 5 ዋቱ ለማታ መብራት። አውጥቼ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ቀጭኑ ክር ተበጥሶ ወፍራሙ ላይ ተጣብቋል። ፍሬን ሲረገጥ ወደ ፍሬኑ ክር የመጣው ኤሌትሪክ በተበጠሰው ክር አድርጎ ወደ ማታ መብራቱ መስመር ይገባል። ያ መስመር ደግሞ ከክሩስኮቱ ብርሃን ጋር አንድ ነው። አምፖሉን ቀየርኩት፣ አለቀ። ወንድምዬው «በቃ ይሄው ነው?» አለኝ። ይኸው ነው።

ባለ ሁለት ክር አምፖል በሚገባበት ቦታ ባለ አንድ ክር አስገድዶ መክተትም፣ የኋላ መብራቱ ማሳ መዛግም ይህንኑ ያመጣል። ስለዚህ የክሩስኮት ብርሃን ሲያስቸግር ሁሌ የኋላ መብራቱንና የታርጋውን መብራት አብራችሁ እዩ። እነሱም ከጠፉ ቴይል የሚለው ፊውዝ ነው። እነሱ በርተው ክሩስኮቱ ብቻ ከጨለመ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የብርሃን መቀነሻዋን ትንሽ ጎማ ወደ ላይ አሽከርክሩ። ከመሪው አጠገብ ናት። ልጅ ነካክቷት፣ ወይ መኪና አጣቢ በጨርቅ ጎትቷት ወርዳ ትገኛለች። ለዚህ ገንዘብ መቀበል ይከብደኛል፤ ቡና ጋብዘውኝ ይሄዳሉ። ከፍ ዝቅ ስታደርጓት ብልጭ ድርግም ካለ ውስጧ አርጅቷል፣ ራሷ ትቀየር።

እዚህም እዚያም ጥቁር ቦታ ብቻ ከሆነ ግን የተወሰኑ አምፖሎች ናቸው የተቃጠሉት። ክሩስኮቱ ይፈታል። ከጀርባው ያሉት ሶኬቶች ሩብ ዙር ሲዞሩ ይወጣሉ። አንዱ ከተቃጠለ ሌሎቹም ዕድሜያቸው እኩል ነው፤ አንዴ ከፈታችሁ ሁሉንም ቀይሩ። ኤል ኢዲ ካደረጋችሁ ገጥማችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት አብርታችሁ እዩ፤ ያልበራው ተገልብጦ ገብቷል፣ አዙሩት። የቻርጅ መብራቱን ግን በኤል ኢዲ አትተኩት። በአንዳንድ መኪኖች ጄኔሬተሩ ቻርጅ ማድረግ የሚጀምረው በዚያ አምፖል በኩል በሚያልፈው ኤሌትሪክ ነው።

የነዳጅ ጌጅ

ጋኑ ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ አለ። ክንዱ ከነዳጁ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ሬዚስታንስ (ኤሌትሪኩን የሚገታውን መጠን፣ በኦም የሚለካውን) ይለውጣል። በብዙ ኮሮላዎች ጋኑ ሙሉ ሲሆን 3 ኦም አካባቢ፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም አካባቢ ነው። ጌጁ የሚያነበው ይህን ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ የማያነበው ጌጁ ነው ወይስ የማይናገረው ጋኑ?

በብዙ ትንንሽ መኪኖች ሶኬቱ ከኋላ መቀመጫው ስር ነው። መቀመጫውን አንሱት፣ ክብ ክዳን አለ። ሲጋራ የለ፣ የነዳጁ ክዳን ተዘግቶ፣ ቁልፍ ጠፍቶ ሶኬቱን ንቀሉ። የነዳጅ ፓምፑ ጋኑ ውስጥ በሆነ መኪና የፓምፑ ገመዶችም እዚያው ናቸው፤ የጌጁን ገመድ ከነሱ ለዩ፣ ካልለያችሁ እዚህ ላይ አቁሙና ለባለሙያ ስጡ። ከለያችሁ፣ የጌጁን ገመድ በ3.4 ዋት ወይም በ5 ዋት አምፖል በኩል ከማሳ ጋር አገናኙ። በቀጥታ አታገናኙት፣ አምፖሉ ጌጁን ይጠብቀዋል። መጀመሪያ አገናኝታችሁ ስታበቁ ነው ቁልፍ የሚዞረው። ብልጭታ ጋኑ አጠገብ አንፈልግም።

ጠቋሚው ቀስ እያለ ወደ ሙሉ ከወጣ ጌጁም ገመዱም ጤነኛ ናቸው። ታጋሽ ሁኑ፣ የነዳጅ ጌጅ እንዲዘገይ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ስጡት። ሞልቶ ከወጣ ጥፋቱ ጋኑ ውስጥ ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ገመዱ መሀል ላይ ተቆርጧል ወይም ክሩስኮቱ ነው። በቶዮታ እንዲህ ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማሳ ሲነካ ወደ ባዶ ይወርዳል።

ተንሳፋፊው ሲወጣ ክንዱን በእጃችሁ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ ውሰዱት፣ ቴስተሩን እያያችሁ። ቁጥሩ ሳይዘል መንሸራተት አለበት። መሀል ላይ ከጠፋ መንገዱ ተበልቷል። ነዳጅ ሲጠፋ ከየጀሪካኑ የምንቀዳው ቤንዚን ውኃና ቆሻሻ ይዞ ስለሚገባ ይህን ክፍል ቶሎ ይጨርሰዋል። ሌላ ሁሌ የማየው ነገር፦ ፓምፕ ከተቀየረ በኋላ ጌጁ ሩብ ያህል መሳት ይጀምራል። ሲያስገቡት ክንዱን አጥፈውታል። አውጥቶ ማቅናት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

የሙቀት ጌጅና የአዲስ አበባ ከፍታ

የሙቀቱ ሴንሰር አሠራር ይመሳሰላል፤ ውኃው ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። በቆዩት ኮሮላዎች የጌጁ ሴንሰር አንድ ገመድ ብቻ ነው ያለው። ባለ ሁለት ገመዱ የኮምፒውተሩ ነው፣ አታምታቱ። ነጠላውን ገመድ ነቅላችሁ በዚያው በአምፖሉ በኩል ማሳ አስነኩት። ጠቋሚው ወደ ሙቅ ከወጣ ሴንሰሩን ቀይሩ። በአዳዲሶቹ ሁሉም በኮምፒውተር ስለሚያልፍ ስካነር ይሻላል።

ጌጁ ሁልጊዜ ከታች የሚቀር ከሆነ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚያግደው) መኖሩን ጠይቁ። እኛ አገር መካኒኩ «አያስፈልግህም» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ሞተሩ በትክክል አይሞቅም፣ ጌጁም እውነቱን ነው የሚናገረው።

አሁን ከሁሉ አደገኛውን ልንገራችሁ። ጠቋሚው መሀል ላይ ቆሞ ውኃው የሚፈላበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ክፍት ድስት ላይ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤነኛ ሞተር ደግሞ እዚያው አካባቢ ሙቀት ላይ ነው የሚሠራው። እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ነው። ክዳኑ ጎማው ካለቀ ግፊት የለም፤ ጌጁ «ደህና ነኝ» እያለ ውኃው ይፈላል፣ ይተናል። ከዚያም ውኃው ሲጎድል ሴንሰሩ ባዶ ላይ ይቀራል። ውኃ ያልነካው ሴንሰር ቀዝቃዛ ያሳያል። እንጦጦን ስትወጡ ጠቋሚው ድንገት ከወረደ ደስ አይበላችሁ። ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ክዳኑን በሙቀቱ እንዳትከፍቱት። ሲቀየርም ቁጥሩ ተመሳሳይ ይሁን።

የዘይት መብራት እየነዳችሁ ከበራ ደግሞ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። ዘይቱ ልክ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ነው ስዊቹን የምንጠረጥረው።

ፍጥነት መለኪያ

ዲኤክስ የምንላቸው የቆዩ ኮሮላዎችና መሰሎቻቸው ከማርሽ ሳጥኑ እስከ ክሩስኮቱ የሚሽከረከር ገመድ አላቸው። ጠቋሚው የሚንቀጠቀጥና የሚያንጫጫ ከሆነ ገመዱ ደርቋል። አውጥታችሁ በቤንዚን እጠቡት፣ ስስ ግሪስ ቀቡት፤ ወደ ክሩስኮቱ የሚገባውን ጫፍ ግን ግሪስ አታስነኩ፣ ወደ መለኪያው ይገባና ያቆሽሸዋል። ጭራሽ ከቆመ አራት ማዕዘን የሆኑትን ጫፎች እዩ። አንዱ ተበልቶ ክብ ሆኖ ይገኛል። በኋላ የመጡት በሴንሰር ስለሆነ፣ ፍጥነት መለኪያውና የኤ ቢ ኤስ መብራቱ አብረው ከታመሙ ጎማው አጠገብ ያለውን ሴንሰር አጽዱ።

የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች መሀል ላይ ያለው ዲጂታል ማሳያ ሲያረጅ ይደበዝዛል፣ ጠዋት ጠፍቶ መኪናው ሲሞቅ ይመጣል። ሲሞቅና ሲበርድ የሚለዋወጥ ነገር ቦርዱ ላይ የተሰነጠቀ ብየዳ ነው የሚያስጠረጥረው። እዚህ ላይ ቀጭን ካውያና የለመደ እጅ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ከእኔ ይሻላል።

የጣሪያ መብራት

የጃፓን መኪና ከሆነ ፖዚቲቩ ሁልጊዜ አምፖሉ ጋ አለ፤ በሩ ሲከፈት ስዊቹ ማሳ ይሰጠዋል። ማብሪያውን «ኦን» ላይ አድርጉት። ከበራ አምፖሉና ፊውዙ ደህና ናቸው፤ የበሩን ስዊች እዩ። በአንዲት ብሎን የታሰረች ጎማ የለበሰች ነገር ናት። በብዙዎቹ ማሳዋን የምታገኘው በዚያችው ብሎን ስለሆነ፣ ፈትታችሁ መፋቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። «ኦን» ላይም ካልበራ፣ ሬዲዮው ሰዓቱን ረስቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ዶም የሚለውን ፊውዝ ይጋሩታል።

አልጠፋ ያለ መብራት ደግሞ ባትሪ ይበላል። 10 ዋት አምፖል 0.8 አምፔር ይወስዳል። ሁለት ቀንና ሌሊት ከቆየ 40 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው፤ 45 አምፔር ሰዓት የሆነ የቪትዝ ባትሪ ሰኞ ጠዋት ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻውን) አያዞርም። የኋላው ኮፈን መብራት መጥፋቱን በዓይን ማየት ስለማይቻል፣ ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ውስጥ አስቀምጡና ዝጉት። ከፍታችሁ ተመልከቱት።

ሊፈታ ግድ ከሆነ

ኤርባግ ካለው የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉና ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቁ። ቢጫ ገመድና ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው፤ በመሞከሪያ አምፖል እንዳትነኩት። ሬዲዮው የሚስጥር ቁጥር ካለው አስቀድማችሁ ያዙ። እያንዳንዱን ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ አጭሩን ከረጅሙ ጋር ካለዋወጣችሁ ረጅሙ ገመድ ይበሳል።

ሲወጣ ሶኬቶቹን እዩ፣ የተቃጠለ ወይም የተገፋ ፒን ካለ ጉዳዩ አልቋል። ከጀርባ ያለው ስስ ፕላስቲክ ላይ የታተመ መስመር ከተሰነጠቀ በቀጭን ሽቦ ይበየዳል። ጥቁር የለበሱትን መነካኪያዎች በእርሳስ ላጲስ አጽዱ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ያኔ ሶማሌ ተራ ይኬዳል። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የሶኬቶቹ ቁጥርና ቅርጽ፣ ማርሹ ማንዋል ወይ አውቶማቲክ መሆኑ፣ ቤንዚን ወይ ናፍጣ መሆኑ አንድ ይሁን። ፊቱ ተመሳሳይ ሆኖ ከጀርባ የተለየ ብዙ አለ። እንደ ፎልክስዋገን ባሉ አንዳንድ መኪኖች የቁልፉ መለያ ክሩስኮቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ያለ ፕሮግራም ከቀየራችሁት ሞተሩ ተነስቶ ይጠፋል። የድሮውን ኪሎሜትር ፎቶ አንስታችሁ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡ፤ ነገ የሚገዛችሁ ሰው ይጠይቃችኋል። ሻጩ «ካልሠራ ትመልሳለህ» ካለ ደግሞ እሰየው፣ ያችኑ ቃል ደረሰኙ ላይ ያስፍርላችሁ።